ፋሻው የማን ነው?

ለእንስሳት ኢንሹራንስ ውል አዘጋጆችና ለካሳ ክፍል ኃላፊዎች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ የፈረሴን የኋላ ግራ እግር ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ። የቆሰለውን የፈረሴን እግር የክትትል ሕክምና ወጪ እንድትከፍሉኝ በወጉ መጻፍስ ጽፌ ነበር። ኅዳር 20 መዝገብ ቤታችሁ ገብቶ ቁጥር ተሰጥቶታል። ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር "ጉዳይዎ እየታየ ነው" እባላለሁ። ማን እንደሚያየው የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም። በመጨረሻ በአደባባይ ልጻፈው አልኩ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ስም መጥራት ጠብ ያመጣል፣ እኔ የምፈልገው ደግሞ መልስ ነው። ላምና ፈረስ ኢንሹራንስ ያስገቡ ጥቂት ወዳጆቼን ጠይቄ ነበር፤ አንዳቸውም ውላቸው ስለ ክትትል ሕክምና ምን እንደሚል አያውቁም። እኔም የፈረሴን እግር ቆርቆሮ እስኪቆርጠው ድረስ አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ ባለጉዳዩን ላስተዋውቃችሁ። ስሙ ቦቃ ነው። ዳማ ፈረስ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው፣ ስሙም ከዚያው መጣ። የሚያድረው ከጃንሜዳ ጀርባ በተከራየኋት ጋጣ ነው። "መሀል አዲስ አበባ ፈረስ?" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አዎ፣ መሀል አዲስ አበባ ፈረስ። ጃንሜዳ እኮ ጉግስ ሲጋለብበት የኖረ ሜዳ ነው፣ እንግዳው ፈረሱ ሳይሆን መኪናው ነበር። ቅዳሜና እሁድ ልጆች ይጋልቡታል፣ አልፎ አልፎ ሙሽራ ይሸከማል። ይህንንም አልደበቅኳችሁም። ፎርሙ ላይ "ለኪራይም ይውላል" ብዬ ሞልቻለሁ፣ ለኢንሹራንሱ የምከፍለው ዓረቦንም በዚያው ጨምሯል።

ጥቅምት 12 ከሰዓት፣ ከውሃ ሲመለስ ውሻ አስደነበረው። ወደ ኋላ ሲል እግሩ የአንድ ግንባታ ቆርቆሮ አጥር ውስጥ ገባ። የቆርቆሮ ጠርዝ እንዴት እንደሚቆርጥ የምታውቁት ይመስለኛል። ከቋንጃው በታች የተሸነሸነው ቆዳ እንደ ካልሲ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ነበር። ጠባቂው፣ ጋሼ የምለው ሽማግሌ፣ ነጠላውን አውልቆ ጠመጠመበትና ልጓሙን ይዞ እኔ እስክደርስ ድረስ ጆሮው ስር ሲያወራለት ቆየ። ዶክተሯ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጣች። አደነዘዘችው፣ ለረጅም ጊዜ አጠበችው፣ የሚሰፋውን ሰፋች፣ የማይሰፋውን ክፍት ተወችው፣ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያም ወጋችው። ፈረስ ለዚህ በሽታ ከሁሉም እንስሳ በላይ ስስ መሆኑን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ሂሳቡ 7,400 ብር ሆነ።

እዚህ ድረስ እናንተም ጥሩ ነበራችሁ። እውነቱን ልናገር፣ በማግስቱ ጉዳቱን የሚያይ ሰርቬየር ላካችሁ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ውሉ "ከጉዳቱ 10 በመቶ፣ ቢያንስ 2,000 ብር በባለንብረቱ ይሸፈናል" ስለሚል 2,000ውን ቀንሳችሁ 5,400 ብር ከፈላችሁ። አመሰግናለሁ ብዬ፣ ለሰውም ኢንሹራንስ ግቡ እያልኩ መክሬ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው።

ዶክተሯ ያን ቀን ማታ ጋጣው በር ላይ ቆማ እጇን እየታጠበች የነገረችኝን ልድገምላችሁ፣ ምክንያቱም ጠቅላላው ክርክር እዚህ ላይ ነው። የፈረስ እግር ከቋንጃ በታች ጡንቻ የለውም። ቆዳ፣ ጅማትና አጥንት ነው። ደምም እንደ ልብ አይደርሰውም። ሰውነቱ ላይ ቢቆረጥ በቶሎ የሚገጥመው ቁስል እዚያ ላይ ወራት ይፈጃል። ከዚያ ደግሞ አጉል ጸባይ አለው፦ ቆዳው ከመግጠሙ በፊት ቀይ ሥጋ ከቁስሉ ውስጥ እንደ አበባ ጎመን ፈክቶ ይወጣል። ትርፍ ሥጋ ነው። እሱ ከቆዳው በላይ ከፍ ካለ ቆዳው ሊሻገረው አይችልም፣ ቁስሉም አይዘጋም። ስለዚህ ፋሻው በየሦስት ቀኑ ይፈታል፣ ይታያል፣ ትርፉ ይከረከማል፣ እንደገና በልክ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል። በጣም ከጠበቀ ጅማቱን ይጎዳል። ከላላ ወርዶ ኮቴው ላይ ይሰበሰባል። "መስፋቱ ቀላሉ ነው ጋሼ፣ ሥራው ከነገ ወዲያ ይጀምራል" አለችኝ።

እንዳለችውም ሆነ። በመጀመሪያው ወር 10 ጊዜ መጣች። ከዚያ በሳምንት አንዴ፣ እስከ ትናንት ድረስ 7 ጊዜ። በድምሩ 17 ጉብኝት፣ እያንዳንዱ 900 ብር፣ 15,300። ፋሻ፣ ጥጥ፣ ቅባትና መርፌ 6,850። ጠቅላላ የክትትሉ ወጪ 22,150 ብር። ከመጀመሪያው ቀን ጋር ሲደመር 29,550 ይሆናል። ውላችሁ ላይ የተጨመረችው አንዲት ገጽ "በድንገተኛ አደጋ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት የሕክምና ወጪ እስከ ብር 30,000" ትላለች። ለዚያች ገጽ ለብቻዋ ከፍያለሁ። ጣሪያውን እንኳ አልነካሁም።

የመጀመሪያው መልሳችሁ በስልክ ነበር። አንድ ትሁት ወጣት "ጋሼ፣ ክትትል እኮ እንክብካቤ ነው፣ እንክብካቤ ደግሞ አይሸፈንም" አለኝ። ፈረሱ ታክሟል፣ ካሳው ተከፍሏል፣ የቀረው የባለንብረቱ ነው። የት ላይ ተጽፏል ስለው "አይሸፈኑም" የሚለውን ዝርዝር አነበበልኝ፦ ክትባት፣ የትል መድኃኒት፣ ኮቴ መከርከም፣ የጥርስ ማስተካከል፣ "እና መደበኛ እንክብካቤ"። ክትትል የሚል ቃል የለም። ወጣቱም አላገኘውም። ዝም ተባባልን።

በነገራችን ላይ ዝርዝሩ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም። ክትባት የኔ ነው። ኮቴም የኔ ነው። ገብሱና ፉርሽካውም የኔ ነው፣ እንኳን ለፈረስ ለሰውም በተወደደበት ዘመን። አደጋ ኖረ አልኖረ የሚወጣ ወጪ ኢንሹራንስን አይመለከትም፣ ይህ ገብቶኛል። መለያው ግን አንድ ጥያቄ ይመስለኛል፦ ቆርቆሮው እግሩን ባይቆርጠው ኖሮ ይህ ወጪ ይኖር ነበር ወይ? ለጤነኛ ፈረስ እግር በየሦስት ቀኑ ፋሻ የሚፈታ ሰው እስካሁን አላየሁም።

አሁን ወደሚያበግነኝ ልምጣ። በዚሁ ውል ሌላ አንቀጽ አለ፣ ዘጠነኛው። "ባለንብረቱ ለተጎዳው እንስሳ ተገቢውንና ተከታታይ ሕክምና ሳያስደርግ ቢቀርና እንስሳው ቢሞት ድርጅቱ ካሳ አይከፍልም" ይላል። ተከታታይ! ይህን ቃል የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ። እንግዲህ ቦቃ 180,000 ብር ተገምቶ ነው ኢንሹራንስ የገባው። ፋሻውን ትቼው ቁስሉ ቢመረቅዝና ቢሞት "ተከታታይ ሕክምና አላስደረግክም" ብላችሁ ትከለክሉኛላችሁ። ሳስደርግ ደግሞ "እንክብካቤ ነው" ትሉኛላችሁ። ያው ፋሻ፣ ያው ዶክተር፣ ያው እግር። ግዴታ ሲሆን ሕክምና፣ ክፍያ ሲሆን እንክብካቤ። እንዲህ ያለውን ነገር እኛ ሰፈር "ከላይ ስትለው ከታች" ይሉታል።

ሂሳቡም ቢሆን ለእናንተ አይጠቅምም። 22 ሺህ ብሩ 180 ሺውን እየጠበቀላችሁ ነው። እኔ በየሦስት ቀኑ የከፈልኩት ለፈረሴ ብቻ ሳይሆን ለካሳ ሣጥናችሁም ጭምር ነው።

ሁለተኛው መልስ በአካል ስመጣ የተሰጠኝ ነው። ሌላ ኃላፊ "እሺ፣ ክትትሉንም ሕክምና ነው ብለን ብንቀበለው እያንዳንዱ ጉብኝት ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው" አሉ። ማለትም ከእያንዳንዱ ላይ ቢያንስ 2,000 ብር ይቀነሳል። ጉብኝቱ 900 ብር ነው። ከ900 ላይ 2,000 ሲቀነስ ስንት ይቀራል ብዬ ጠየቅኳቸው፣ ፈገግ አሉ፣ እኔም ፈገግ አልኩ። ተቀናሹ ለአንድ አደጋ አንድ ጊዜ ነው ወይስ ለአንድ ደረሰኝ አንድ ጊዜ? ውሉ "ከጉዳቱ" ይላል። ጉዳቱ አንድ ነው፣ ፈረሱ ቆርቆሮ ውስጥ 17 ጊዜ አልገባም።

ሦስተኛው ግን ረቀቅ ያለ ነው፣ ሌሎች የእንስሳ ባለቤቶችም እዚህች ላይ ልብ በሉልኝ። ውሌ የሚያልቀው ኅዳር 30 ነበር። አድሼዋለሁ፣ አንድ ቀን አላሳለፍኩም። ከ17ቱ ጉብኝት 12ቱ ከኅዳር 30 በፊት ናቸው፣ 5ቱ ከዚያ በኋላ። ስለ አምስቱ ስጠይቅ "አሮጌው ውል አልቋል" ተባልኩ። በአዲሱ ይታይልኝ ስል "በአዲሱ ውል እግሩ ቀድሞ የነበረ ጉዳት ስለሆነ አይሸፈንም" ተባልኩ። እግሩ ሁለቱ ውሎች መሀል ባለች ስንጥቅ ገባ፣ እንደ ቆርቆሮው ዓይነት። በዚህ ስሌት ለፈረስ መቆሰል የሚያዋጣው ውል በታደሰ ማግስት ነው። ዶክተሯን "ቁስሉ በኅዳር 30 እንዲድን አድርጊው" ማለት ነበረብኝ መሰለኝ።

ይህ ችግር ለእኛ አገር ብቻ የተፈጠረ አይደለም፣ መፍትሔውም አዲስ አይደለም። የፈረስ ኢንሹራንስ የቆየ ገበያ ባለበት በእንግሊዝ ብዙዎቹ የሕክምና ወጪ ውሎች ለአንድ ጉዳት ወይም በሽታ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ እስከ 12 ወር፣ ወይም ጣሪያው እስኪሞላ ድረስ ይከፍላሉ። ከዚያ ያ እግር ከሽፋን ይወጣል፣ አበቃ። ጨካኝ ቢመስልም ግልጽ ነው። ባለቤቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስንት ወር እንዳለው ያውቃል፣ ጅማት ተጎድቶ እንደሆነ ዓመት ሊፈጅ ስለሚችል ገንዘቡን ከወዲሁ ያብቃቃል። 12 ወር ስጡኝ አላልኩም። 6 በሉት፣ 3 በሉት። ቁጥር ጻፉበት ነው የምለው።

ስለ ሕጉም ትንሽ አነበብኩ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ፈረሴ ዕቃ ነው። ቁጥር 1127 ግዙፍነት ያላቸው ተንቀሳቃሽ ዕቃዎች የሚላቸው በራሳቸው የሚንቀሳቀሱትን ወይም ሰው ሊያንቀሳቅሳቸው የሚችሉትን ነው። ቦቃ በራሱ ይንቀሳቀሳል፣ ጋሼን እስከ መጎተት ድረስ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ደግሞ የዕቃ ኢንሹራንስ ጉዳት መካሻ እንጂ ማትረፊያ አይደለም ይላል፤ ትክክል ነው፣ የወጣብኝ ይመለስ ነው የምለው፣ ትርፍ አልጠየቅኩም። ከሁሉም የወደድኩት ግን ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1738 ነው። አንዱ ወገን ውሉን ራሱ አዘጋጅቶ ሌላውን እንዲያው ፈርም ብሎት እንደሆነ፣ አጠራጣሪው ቃል የሚተረጎመው ውሉን ባዘጋጀው ላይ ነው። "ሕክምና" የሚለውን ቃል የጻፈው ማነው? ብዕሩስ የማን ነበር? እኔ የራሴን ስም ብቻ ነው የጻፍኩት።

የንግድ ሕጉ ከኢንሹራንስ ውል ለሚነሣ ጥያቄ ሁለት ዓመት ይሰጣል፣ ስለዚህ አልተቻኮልኩም። ተቆጣጣሪው ብሔራዊ ባንክ መሆኑንም አውቃለሁ። እዚያ ከመሄዴ በፊት ግን ከእናንተ ጋር መነጋገሩን መረጥኩ።

አሁን ደግሞ የኔን ጥፋት ልናገር፣ አለዚያ ደብዳቤው ሚዛን ያጣል። አንደኛ፣ ውሉን ሳላነብ ነው የፈረምኩት። ያዋዋለኝ የኢንሹራንስ ደላላ "ሁሉንም ይሸፍናል" አለኝ፣ እኔም "ሁሉንም" የሚል ቃል ሰምቼ ደስ አለኝ። ሁለተኛ፣ ከ6,850 ብሩ ውስጥ የ2,300ው ደረሰኝ የለኝም። ጋሼ ፋሻና ጥጥ እየጎደለው ሲሄድ ካገኘበት መድኃኒት ቤት ይገዛል፣ ደረሰኝ ስጡኝ ማለት ያፍራል፣ "ለፈረስ ነው ስላቸው ይስቁብኛል" ይላል። ያንን 2,300 ብር ትቼዋለሁ። ሦስተኛ፣ መጀመሪያ ሳምንት ላይ ዶክተሯን "ስንት ጊዜ ትመጪያለሽ?" ብዬ በጽሑፍ አስይዤ ልልክላችሁ ይገባ ነበር። 17ኛው ደረሰኝ ላይ ስትደርሱ መደንገጣችሁ አይገርመኝም። የሐሰት ደረሰኝ ይዞ የሚመጣም እንዳለ አውቃለሁ።

ለዚህ ለዚህ የሚሆን ወረቀት ማዘጋጀት ያን ያህል ከባድ ነው? አደጋው በደረሰ በሳምንት ውስጥ ሐኪሙ የክትትል ዕቅድ ይጽፋል፦ ስንት ጉብኝት፣ በየስንት ቀኑ፣ በስንት ብር፣ እስከ መቼ። እናንተ ታያላችሁ፣ ትፈርማላችሁ ወይም ትከራከራላችሁ። ከዕቅዱ ካለፈ ሐኪሙ ለምን እንዳለፈ ይጽፋል። ተቀናሹ ለአደጋው አንድ ጊዜ። ውሉ መሀል ላይ ቢታደስም ዕቅዱ እስኪያልቅ ባሮጌው ውል ይከፈላል። ፈረሱ ደብረ ዘይት ወደ እንስሳት ሕክምና ኮሌጁ መሄድ ካለበትም የአይሱዙው ኪራይ ሕክምና ይሁን አይሁን አሁኑኑ ይለይ። ይሄ የኔ ጉዳይ አይደለም፣ ግን የአንዱ ጉዳይ መሆኑ አይቀርም፣ ያን ጊዜ ሰውየው ፈረስ ተጭኖ መንገድ ላይ እያለ ስልክ ላይ ባይከራከር ጥሩ ነው።

ትችላላችሁ እኮ። የእንስሳት ኢንሹራንስ በዚህ አገር በ2004 መጨረሻ ቦረና ላይ የግጦሽ ሣር መድረቁን በሳተላይት እየለካ ለመክፈል ሥራ ጀምሯል። ከሰማይ ሆኖ የቦረናን ሣር ማየት የቻለ ሙያ ስድስት ኪሎ ያለች አንዲት ፋሻ ማየት አያቅተውም።

ወደ ቢሯችሁ ስመላለስ ታክሲው በፒያሳ ያልፋል። አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ያለውን የምኒልክን ፈረስ ባየሁ ቁጥር ክትትል የማያስፈልገው ፈረስ እሱ ብቻ ነው እላለሁ። እሱም ቢሆን ጣሊያን ነቅሎት ነበር፣ መልሶ የሚያቆመው ሰው ባያገኝ ኖሮ ዛሬ አናየውም።

ለማንኛውም፣ የመጨረሻው ፋሻ የሚፈታው ጥር 8 ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ጃንሜዳ ለጥምቀት ይሰናዳል፣ መንገዱም ይጨናነቃል፣ ስለዚህ ቀኑን አትለውጡት። ሰርቬየራችሁን ላኩልኝ። ደረሰኞቹን በቅደም ተከተል አስሬ እጠብቀዋለሁ፣ ዶክተሯም ትኖራለች፣ ጋሼ ቡና ያፈላል። ቁስሉን በዓይኑ አይቶ እንክብካቤ ነው ካለ እዚያው ይጻፍልኝ። በግራ በኩል እንዳይቆም ብቻ ንገሩት፣ ፋሻ ሲፈታ ይራገጣል።

ከአክብሮት ጋር
የቦቃ ባለቤት
ጥር 2፣ ስድስት ኪሎ